ፀሐይዋን አትመኗት

እሷ፦ ሚኒሶታ አዲስ ለገባችሁ፣ የዚህ አገር ክረምት ዝናብና ጭቃ አይደለም። በረዶው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ሊዘልቅ ይችላል።

እሱ፦ እኔን በመጀመሪያው ዓመት ያታለለችኝ ፀሐይዋ ናት። በመስኮት ሳይ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ የመስከረም ጠዋት መስሎኝ በሹራብ ብቻ ወጣሁ። አውቶቡስ ፌርማታ ሳልደርስ የአፍንጫዬ ፀጉር ደርቆ እንደ እሾህ ወጋኝ።

እሷ፦ እግዜር አውጥቶሃል! ከሰሜን የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ደረቅ ነው፤ ደመና ስለሌለ የምድሩ ሙቀት ሌሊቱን ሽቅብ ይሄዳል። ለዚህ ነው ብራው ቀን ብዙ ጊዜ ከደመናማው የሚከፋው።

እሱ፦ በጥር 2019 እ.ኤ.አ. ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሳ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ነፋስ ሲታከልበት ያልተሸፈነ ጆሮ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሊጎዳ ይችላል።

እሷ፦ በአንድ ወፍራም ካፖርት ከመተማመን ስስ ስሱን መደራረብ ነው። ጓንትም አራቱ ጣቶች አብረው የሚገቡበት ይሻላል፤ እርስ በርስ ይሟሟቃሉ።

እሱ፦ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለቡና ብላችሁ በተዘጋ ቤት ከሰል አታቀጣጥሉ፤ መኪናም ጋራዥ ውስጥ አስነስታችሁ አታሙቁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ግን ይገድላል።

እሷ፦ ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃም ይፈላል፣ ወገኖቼ! ሌላው ጨለማው ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች። ብቻዋን ቤት የምትውል አዲስ መጤ ካወቃችሁ፣ ዛሬውኑ ደውሉላት።