ነፃ የሚባለው ዜና ማን ይከፍልለታል?

 

በቅርቡ አንዲት ጎረቤታችንን ዓይናቸው በለቅሶ አብጦ አገኘናቸው። ልጃቸው ሪያድ ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ታናሽ ወንድሟ «ሰበር ዜና» የሚል ርእስ ያለው ቪዲዮ በስልኩ ከፍቶ አሳይቷቸው ኖሯል፤ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ጎዳናዎች እየተለቀሙ ሲጋዙ ያሳያል። ቢደውሉ ልጅቷ ስልክ አታነሳም። እናት ሌሊቱን ዱዓ ሲያደርጉና ሲያለቅሱ አነጉት። ቆይተን ነገሩን ስናጣራ ምስሉ የተቀረፀው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013፣ ሳዑዲ ዐረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ሠራተኞች በጅምላ ባባረረችበት ወቅት ሆኖ ተገኘ። አዲስ የነበረው ርእሱ ብቻ ነው።

ታዲያ የዓመታት ለቅሶ ቆፍሮ አውጥቶ የዛሬ የሚያስመስል ሰው ምን ያገኛል? ብዙዎቻችን «ጥላቻ ነው» ወይም «ፖለቲካ ነው» ለማለት እንቸኩላለን። አንዳንዴ ልክ ነን። ብዙ ጊዜ ግን መልሱ ከዚህ ይቀላል፤ ገበያ ነው።

ጋዜጣ በወረቀት ብቻ በነበረበት ዘመን አንባቢው ለቅጂው ይከፍላል፣ ነጋዴውም ለማስታወቂያ ይከፍላል። ዜናው ወደ ኢንተርኔት ሲገባ የመጀመሪያው ክፍያ ቀረ። ማስታወቂያውም ቢሆን አብዛኛው ወደ ጉግልና ፌስቡክ ኪስ ዞረ። ለአዘጋጁ የተረፈው በተመልካች ብዛት የሚለካ ድርሻ ነው። ዩቲዩብን ብንወስድ አንድ ቻናል ከማስታወቂያ ገቢ ማግኘት እንዲችል በተለመደው መንገድ 1,000 ተከታዮችና በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ሊኖሩት ይገባል። ከዚያ በኋላ በቪዲዮው ላይ ከሚወጣው ማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶው የባለ ቻናሉ ነው። አሜሪካ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ካለው ይልቅ ለማስታወቂያ አስነጋሪው ውድ ነው። ለዚህም ነው የአማርኛው ሰበር ዜና ብዙውን ጊዜ በስደት ያለውን ወገን ናፍቆትና ስጋት የሚያነጣጥረው። ማሽኑ እውነትና ሐሰትን አይለይም፤ ስንት ሰው ከፈተው፣ ስንት ደቂቃ ቆየ የሚለውን ይቆጥራል።

ይህ የእኛ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ምርጫ ሲቃረብ ቬሌስ በምትባል አንዲት የመቄዶንያ ከተማ ወጣቶች ስለ አሜሪካ ፖለቲካ ከ100 በላይ ድረ ገጾች ከፍተው ነበር። ከሚያወጡት ብዙው የተጋነነ ወይም ፈጽሞ ውሸት ነበር። ማን ቢመረጥ ለአብዛኞቹ ግድ አልነበራቸውም። የየትኛው ወገን ደጋፊ አብዝቶ እንደሚከፍት ሞክረው አዩና የሚሸጠውን ያዙ። ገንዘቡ የመጣላቸው በጉግል የማስታወቂያ ሥርዓት በኩል ነው። ጉግልም በዚያው ዓመት ኖቬምበር፣ ምርጫው ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው፣ እንዲህ ያሉ ገጾችን ከማስታወቂያው አግዳለሁ አለ።

ሁሉም የኢንተርኔት ዜና እንዲህ ነው ማለታችን ግን አይደለም። ዘጋቢ ልኮ፣ ደውሎ፣ አጣርቶ የሚጽፍ አለ፤ እርሱ ግን ወጪው ብዙ ነው። ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2011 በድረ ገጹ ላይ ማስከፈል ሲጀምር «ማን ይከፍላል?» ያሉ ነበሩ። በ2024 በኢንተርኔት የሚከፍሉት ደንበኞቹ ከ10 ሚሊዮን በለጡ። የእንግሊዙ ጋርዲያን ገጹን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ከአንባቢዎቹ መዋጮ መጠየቅን መረጠ። የካናዳ መንግሥት ደግሞ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለዜና አዘጋጆች እንዲከፍሉ ሕግ ቢያወጣ፣ የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ እ.ኤ.አ. በ2023 ከመክፈል ይልቅ በዚያች አገር ከገጾቹ ላይ ዜናን መዝጋት መረጠ። በእኛ አገር ቋንቋ ለሚሠራ ትንሽ ዝግጅት ክፍልማ የትኛውም መንገድ ቀላል አይደለም። እኛም መጽሔት ስናሳትም የወረቀቱን ዋጋ እናውቀዋለን።

የሐዲስ ሊቃውንት አንድን ንግግር ከመቀበላቸው በፊት ማን ከማን ሰማ፣ የት ተገናኙ፣ ሰውየውስ እንዴት ያለ ሰው ነው ብለው በሰንሰለቱ ላይ ያሉትን አንድ በአንድ ይመረምሩ ነበር። ለዚህም አገር ላገር ዞረዋል። ከእኛ የሚፈለገው ያን ያህል ድካም አይደለም። ቪዲዮው መቼ እንደተጫነ፣ ምስሉ መቼና የት እንደተቀረፀ፣ ሌላ የታወቀ ዜና ክፍል ዘግቦት እንደሆነ ማየት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። በየቤቱ ይህን ማድረግ የሚችሉት ደግሞ ልጆቹ ናቸው፤ ወላጅ ስልኩን የሚያየው በእነርሱ እጅ ነውና።

የጎረቤታችን ልጅ በሦስተኛው ቀን ደወለች። ከአሠሪዎቿ ጋር ለዑምራ መካ ሄዳ፣ ስልኳን ሪያድ ረስታው ነበር። ወንድሟን በዚያ ሌሊት ቪዲዮውን ስንት ጊዜ እንደከፈተው ጠየቅነው። እናቱ እህቱን በሕዝቡ መሐል እንዲፈልጉ ብሎ አራት ወይም አምስት ጊዜ ከፍቶላቸዋል። በየመሐሉ የሳሙና ማስታወቂያ ይገባ እንደነበር ያስታውሳል።