የምንወደውን ሸክላ ለሌላ ስለ ማሰማት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በየዓመቱ በዚህ መድረክ ላይ ስለ ሙያችን ስንነጋገር ኖረናል። ዘንድሮ ግን አዘጋጆቹ ከሥራ ውጭ ስለምወደው ነገር እንድናገር ስለ ጠየቁኝ፣ ብዙዎቻችን ወደ ቤታችን ከገባን በኋላ ስለምናዳምጠው የጃዝ ሙዚቃ፣ ይልቁንም የወደድነውን ሸክላ ለባልንጀራ ስለ ማሰማት ጥቂት ለማለት መርጫለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ንግግሬን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በዕድሜም በአገልግሎትም የሚበልጡኝ፣ ዛሬ ግን በሕይወት የሌሉ አንድ የሥራ ባልደረባ የጆን ኮልትሬንን «አሴንሽን» አዋሱኝ። ይህ በ1965 የተቀረጸ ሥራ 11 ሙዚቀኞች ለ40 ደቂቃ ያህል የሚጫወቱበት ነው። እኔ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች በላይ መታገሥ አልቻልኩም። ሆኖም ይሉኝታ ይዞኝ ሸክላውን ስመልስ «እጅግ ድንቅ ነው» አልኳቸው። ፊታቸው በርቶ «የቱ ላይ ነው የጣመህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። የምመልሰው ስላልነበረኝ «ሁሉም» አልኩ። እሳቸውም ፈገግ ብለው ዝም አሉ፤ ከዚያ ወዲያም ስለ ሙዚቃ አንሥተውብኝ አያውቁም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት ለሌላ ነገር የተነገረ ቢሆንም፣ በዚያ ቀን ግን በእኔ ላይ ደርሷል። ጆሮዬ ያልወደደውን አፌ አመሰገነ፤ በዚህም ምክንያት ለብዙ ዓመታት ሊዘልቅ ይችል የነበረ ጨዋታ ቀረ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አንድ ነገር ተገንዝቤአለሁ። የሸክላ ስም መጥራት ምርጫን ማካፈል አይደለም። ምርጫውን የሚያካፍል ሰው «እዚህ ቦታ ላይ አዳምጥ» ብሎ ማመልከት ይገባዋል። ስለሆነም ዛሬ ሁለት ሸክላዎችን ብቻ ከነቦታቸው ላመለክታችሁ እወዳለሁ።

የመጀመሪያው የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ነው። ይህ ሸክላ በ1959፣ ማርች 2 እና ኤፕሪል 22 በኒውዮርክ ተቀረጸ። «ሶ ዋት» የተባለውን የመጀመሪያውን ቁራጭ ብንወስድ፣ ሙዚቀኞች «ባር» በሚሉት የምት መስፈሪያ ሲለካ 32 ነው። ከእነዚህ 16ቱ በአንድ የድምፅ መሰላል ላይ ይቆያሉ፤ 8ቱ ግማሽ ድምፅ ከፍ ይላሉ፤ የቀሩት 8 ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ። በዚያ ዘመን ጃዝ ተጫዋቹን ከስምምነት ወደ ስምምነት በጥድፊያ ያስሮጠው ስለ ነበር፣ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነበር። በአንድ ቅኝት ላይ ረግቶ ዜማ ማውጣትን ከመሲንቆ ተጫዋች ለተማረ ጆሮ ይህ አካሄድ እንግዳ አይሆንም። እንድታዳምጡልኝ የምፈልገው፣ ባሱ ሲጠይቅና ነፋሾቹ በሁለት ድምፅ ሲመልሱ ቆይተው፣ ማይልስ ብቻውን ሊጀምር ሲል ጂሚ ኮብ የድራሙን የነሐስ ሳሕን የሚመታበትን ቅጽበት ነው።

በዚህ ሸክላ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር ደርሷል። በመጀመሪያው የቀረጻ ቀን ዋናው መቅረጫ ከሚገባው ፍጥነት ጥቂት ዘግይቶ ይሽከረከር ስለ ነበር፣ የፊተኛው ገጽ ሦስት ቁራጮች ከትክክለኛው ድምፃቸው በጥቂቱ ከፍ ብለው ታተሙ። ስሕተቱ የታረመው በትክክለኛ ፍጥነት ከተቀረጸው መጠባበቂያ ክር በ1992 እንደገና ሲታተም ነው። ታዲያ ለ33 ዓመታት ያንን ሸክላ የወደዱ ሰዎች ፍቅራቸው ስሕተት ነበርን? አይመስለኝም። የታረመው ትክክለኛ መሆኑን አምናለሁ፤ ጆሮዬ ግን የለመደው የፊተኛውን ነውና ዛሬም እርሱን እወዳለሁ። ትክክል የሆነውን ማወቅና የሚወዱትን መናገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱንም ሳይደብቁ መናገር ይቻላል።

ሁለተኛው ሸክላ የራሳችን ነው። በብሪታንያና በቦስተኑ የበርክሊ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ያጠናው ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 በኒውዮርክ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን አሳተመ። እንደሚታወቀው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የሚቆሙ ናቸው። የጃዝ ስምምነት ደግሞ ከ12ቱም ድምፆች ይቀዳል። ከቅኝቱ ውጭ ያለ ድምፅ ያለቦታው ከገባ ቅኝቱ መልኩን ያጣል። የሙላቱ ጥበብ ይህንን አደጋ እያወቀ ስምምነቱን ከቅኝቱ ሥር በጥንቃቄ ማስቀመጡ ነው። በዚህ ሸክላ ላይ በየሠርጉ ያጨበጨብንለትን «ኩሉን ማን ኳለሽ»ን አዳምጡ። ዘፋኝ የለበትም። ቃሉ ሲቀር፣ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀውን ዜማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማነው ያህል እንሆናለን።

ክቡራን ባልደረቦቼ፤ ዛሬ በእጅ ስልክ ብቻ አእላፍ ሸክላዎችን መስማት ይቻላል። ስማቸው ከአንዱ ወደ ሌላው በፍጥነት ይተላለፋል። ነገር ግን «የቱ ላይ ነው የጣመህ?» የሚለው ጥያቄ የሚያስፈልገን ከፊተኛው ዘመን ይልቅ አሁን ይመስለኛል። ስናውስ ቦታውን እናመልክት፤ ስንመልስ እውነቱን እንናገር። «አልወደድኩትም» የሚል ቃል ወዳጅነትን አያፈርስም፤ ጨዋታውን የሚያቆመው ከልብ ያልወጣ ምስጋና ነው።

እኒያ ባልደረባ ካረፉ በኋላ «አሴንሽን»ን እስከ መጨረሻው ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ዛሬም አልወደድኩትም። ነገር ግን አንዱ ተጫዋች ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ብቻውን ወጥቶ የልቡን ተናግሮ፣ ተመልሶ ከማኅበሩ የሚቀላቀልበት ቦታ አለ። ለጥያቄያቸው መልሴ እርሱ ነበር፤ ዘገየሁ እንጂ።