ኮምፒዩተራችንን ስለ ማደስ
(በበዓሉ ቀን የተደረገ ንግግር)



እዚህ መተማ ዮሐንስ የክፍላችን ኮምፒዩተር እስኪነሣ ድረስ ቡና ይፈላ ነበር፤ ማጋነናችንን ይቅር በሉን። አሮጌው ሐርድ ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ሳሕን አለው፤ አዲሱ ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም።

ዊንዶውስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና ከነፋይሉ ወደ አዲሱ ስንገለብጥ መብራት ጠፋ። የሦስት ዓመት ማስታወሻችን በዚያ ነበርና ደነገጥን። ሆኖም ግልበጣው አሮጌውን ያነብባል እንጂ አይጽፍበትም፤ እንደ ገና ጀመርን። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ምንጩንና መድረሻውን ያቀያየረ ሰው ባዶውን በሙሉው ላይ ይገለብጣል። ስለዚህ በመጠናቸው ለየናቸው፤ አሮጌው 320 ጊጋባይት፥ አዲሱ 480። ቁጥሩን ጮኸን ካነበብን በኋላ ቁልፉን ተጫንን። አሮጌውን ገና አላጠፋነውም፤ በመሳቢያ ተቀምጧል።