ከወሰኑ የወጣ ራዲዮ
በጅቡቲ ከተማ፣ በካርቲየ 7 ቢስ ለተሰበሰቡ መምህራን የተደረገ ንግግር



ዛሬ ላነሣው ያሰብሁት ጉዳይ ከፊዚክስ ክፍል ይጀምር እንጂ ፍጻሜው እዚያ አይደለም። በዚህ ሰፈር ካስተማርኋቸው ልጆች የአንዱ አባት፣ በጀልባ ወደ ታጁራና ወደ ኦቦክ ዕቃ እያመላለሱ ይኖሩ ነበር። ልጁ አንድ ቀን ያገለገለ የመኪና መነጋገሪያ ራዲዮ ይዞልኝ መጣ። መሣሪያው ለአማተሮች የተሠራ ሲሆን፣ ወሰኑ ከ144 እስከ 148 ሜጋኸርትዝ ነበር። ልጁ ግን በኮምፒዩተር አማካይነት የፕሮግራሙን ወሰን ከፍቶ በ156.8 ሜጋኸርትዝ ላይ አቆመው። ይህም መርከበኞች ቻናል 16 የሚሉት፣ በዓለም ሁሉ ለጭንቅ ጥሪ የተመደበው ሞገድ ነው።

ራዲዮው በወደቡ ያሉትን መርከቦች ንግግር አጥርቶ አሰማን። እኔም «ጎበዝ!» አልሁት፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። አባትየው በልጃቸው ሥራ ተማምነው መሣሪያውን በጀልባቸው ላይ አስተከሉት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሞተራቸው በባሕር መካከል ቆመ። ደጋግመው ተጣሩ፤ ነገር ግን አንድም መልስ አልሰሙም። በነጋ ጊዜ ሌላ ጀልባ ደርሶ ሲጎትታቸው፣ ጥሪያቸውን ሰምቶ ሌሊቱን ሁሉ ሲመልስላቸው እንደ ነበረ ነገራቸው። ወደ እኔ መጥተው «መምህር፣ ለካስ ሰው ሰምቶኝ ኖሯል፤ እኔ ግን ብቻዬን መስሎኝ አደርሁ» አሉኝ።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። በኮምፒዩተር የሚለወጠው ቍጥሩ ብቻ ነው፤ ሽቦውና ማጣሪያው እንደ ነበሩ ይቀራሉ። በራዲዮው ውስጥ ሞገዱን የሚያመነጨው ክፍል በሚሰጠው የኤሌክትሪክ ግፊት መጠን ከፍና ዝቅ ይላል፤ ግፊቱ ከዳር ሲደርስ ግን ከታዘዘው ቍጥር ላይ ጸንቶ መቆም ያቅተዋል። በሚገባ የተሠራ መሣሪያ በዚህ ጊዜ ማስተላለፉን ያቋርጣል። ጸንቶ ቢቆም እንኳ፣ በተቀባዩ ደጃፍ ያለው ማጣሪያ ለሌላ ሞገድ የተበጀ ስለ ሆነ ከሩቅ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ያዳክመዋል። የወደቡ ድምፅ ከቅርብ የሚመጣና ብርቱ ስለ ነበረ ጥሶ ገባ፤ የሩቁ ጀልባ ድምፅ ግን ከደጅ ቀረ።

አንቴናውንም በክፍል ውስጥ ልናሰላው እንችላለን። 300ን በ145 ብናካፍል የሞገዱ ርዝመት 2.07 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ሩቡም 52 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 300ን በ156.8 ስናካፍል ግን ሩቡ 48 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል። ለአንዱ የተቆረጠ አንቴና ለሌላው ሲውል ከኀይሉ ከፊሉ ወደ ማጉያው ይመለሳል፤ ማጉያውንም ያሞቀዋል።

ከዚህም ሌላ ሞገድ የጋራ ንብረት ነው። ኢትዮጵያም ጅቡቲም በሚገኙበት በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት 1ኛ ክልል፣ ለአማተሮች የተፈቀደው ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርትዝ ነው። ከ118 እስከ 137 ያለው ደግሞ የአውሮፕላኖች መነጋገሪያ ነው። ስለዚህ ያለ ፈቃድ ወሰን የሚያልፍ ሰው የሚያውከው የማያየውን ጎረቤቱን ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ልጅ መከልከል ይገባናልን? እኔ አይገባም እላለሁ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ኢ.ቲ. 3 ኤ.ኤ. በሚል መለያ የሚታወቀው የአማተሮች ጣቢያ፣ ወጣቶች በተፈቀደ ሞገድ ላይ ሊማሩ እንደሚችሉ ያሳያል። በየትምህርት ቤታችንም የኀይል መለኪያ፣ ደካማ ሞገድ የሚሰጥ መፈተኛ፣ እንዲሁም በአንቴና ፈንታ ኀይሉን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ጭነት ቢኖረን፣ ልጁ ማንንም ሳያውክ የመሣሪያውን ወሰን በገዛ ዓይኑ ያይ ነበር። የሰው ሕይወት ለሚታመንበት ሥራ ግን ለዚያው የተሠራውን ራዲዮ መጠቀም ግዴታ ነው።

የእኔ ጥፋት ልጁን ማመስገኔ ሳይሆን ሳልለካ ማመስገኔ ነበር። በመስኮቱ ላይ የበራው ቍጥር የልጁን ፈቃድ እንጂ የመሣሪያውን ችሎታ አይናገርም። እኛም በፈተና ወረቀት ላይ ቍጥር በጻፍን ጊዜ ሁሉ ይህን እንድናስታውስ እለምናችኋለሁ።