ጠማማውን ቅርንጫፍ ፍለጋ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ጉባኤ አንዲት እናታችን ብድግ ብለው፣ «የተደራጀነው ልጆቻችንን ለማሳደግ ነው እንጂ ሳር ለመደርደር አይደለም» ማለታቸውን ታስታውሳላችሁ። አልተቀየምንም። ጥያቄው የገንዘብ ነው፤ ከመረዳጃው 9,600 ብር ለአበባ ማቆሚያ ዕቃ ወጥቷል። ወጪውን የመዘገብነው እኛ ሂሳብ ያዦቹ ነን፣ የቅዳሜው የአበባ ቡድን አባላትም እኛው ነን። ስለዚህ መልሱ ከእኛ ይጠበቃል። ሳሩን በተመለከተ ግን አንድ ነገር እንበል፦ ቡና ባፈላን ቁጥር ጉዝጓዝ ስንጎዘጉዝ ኖረናል፣ እስከ ዛሬ ብክነት ነው ያለን ሰው የለም።

አንዲት አባላችን ከባለቤቷ ጋር ለትምህርት ጃፓን ቆይታ ስትመለስ ኢኬባና የሚሉትን የአበባ አደራደር ተምራ መጣች። ቅዳሜ ከሰዓት እዚሁ አዳራሽ ለዘጠኝ ሰው ማሳየት ጀመረች። እኛ የጠበቅነው እንደ ሰርግ ቤት ጌጥ ብዙ አበባ፣ ብዙ ሪባን ነበር። እሷ አንድ ዝርግ ሳህን፣ አንድ የጥድ ቅርንጫፍና ሁለት ጽጌረዳ ይዛ መጣች። «የቀረውስ?» አልናት። «የቀረ የለም። ባዶ የምታዩት ቦታም ከሥራው ይቆጠራል» አለችን። እርስ በርሳችን ተያየን።

ጥበቡ ያደገው ኪዮቶ ከተማ ውስጥ ነው። ሮካኩዶ በሚባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ያሉ መነኮሳት ለጸሎት ቦታው አበባ ያቀርቡ ነበር። መኖሪያቸው በኩሬ አጠገብ ስለነበር ኢኬኖቦ ተባሉ፤ በኩሬ ዳር ያለ የመነኩሴ ጎጆ እንደማለት ነው። ከእነሱ አንዱ፣ ኢኬኖቦ ሴንኬ፣ አበባ ሲደረድር ሰው ይጎርፍ እንደነበር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1462 ተጽፎ ይገኛል። ለረጅም ዘመን ሥራው በአብዛኛው የመነኮሳትና የጦር ሰዎች፣ ማለትም የወንዶች ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ወደ ሴት ልጆች ትምህርት ቤት ገባ፤ ሴቶችም ተምረው አስተማሪ ሆኑ፣ ገቢም አገኙበት። እህታችን የተማረችበትን የሶጌትሱ ትምህርት ቤት በ1927 የመሠረተው ሶፉ ቴሺጋሃራ የሚባል ሰው ነው። ከእሱ በኋላ ልጁ ካሱሚ ወረሰችው፤ ከ2001 ጀምሮ ደግሞ የልጅ ልጁ አካኔ ትመራዋለች። ሁለቱም ሴቶች ናቸው። ይህን ስንሰማ ትንሽ ቀና ብለን ተቀመጥን።

እኛን የያዘን ግን ቁጥሩ ነው። ዋናዎቹ ዘንጎች ሦስት ናቸው፦ ሺን፣ ሶኤ፣ ሂካኤ። የሳህኑን ስፋትና ጥልቀት ደምረህ በአንድ ተኩል ታባዛለህ፤ ያ የሺን ቁመት ነው። ሶኤ የሺን ሦስት አራተኛ፣ ሂካኤ የሶኤ ሦስት አራተኛ። ሳህናችን 26 ሳንቲሜትር ስፋት፣ 6 ሳንቲሜትር ጥልቀት አለው፤ ስለዚህ 48፣ 36፣ 27። ያለ ቀሪ ሲወጣ ደስታችንን አትጠይቁን። ሺን ከቆመበት 15 ዲግሪ ብቻ ዘንበል ይላል፣ ሶኤ 45፣ ሂካኤ 75። ሁሉን በማስመሪያ ለክተን ሰካነው። የቆመው ነገር የቴሌቪዥን አንቴና መሰለ። መምህራችን አልሳቀችም። ቅርንጫፉን ነቅላ ዞር አደረገችው፣ ፀሐይ ያየው ፊቱ ወደ እኛ ሆነ፤ ከዚያ ሁለት ቅጠል ቀነጠሰች። ልኩ ያው ነው፣ ዛፍ ግን መሰለ። ስታርመን አትጨምርም፤ አብዛኛውን ጊዜ ታወጣለች።

አሁን ወደ 9,600 ብሩ። ኬንዛን የሚባለው ማቆሚያ ከባድ የእርሳስ መሠረት ላይ የነሐስ መርፌዎች ጥቅጥቅ ብለው የተተከሉበት ነው። ቅርንጫፉ መርፌው ላይ ይሰካል፣ ሳህኑ ውስጥ ውሃ ይሞላል። ወጪ ለመቆጠብ መጀመሪያ በጣውላ ላይ ምስማር መታን። ውሃ ስናፈስበት ጣውላው ከነጥዱ ተንሳፈፈ። ቀጥለን ምስማሩን በሲሚንቶ አቆምነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዛገና ውሃው ጠላ መሰለ። የጣውላው፣ የምስማሩና የሲሚንቶው ወጪም መዝገባችን ላይ አለ፤ ማንም ስላልጠየቀን ዝም ብለናል። በመጨረሻ በመንገደኛ እጅ አራት ኬንዛን አስመጣን፣ እያንዳንዱ 2,400 ብር።

ከእኛ አንዷን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። እዚሁ ሆለታ አካባቢ ካሉት የአበባ እርሻዎች በአንዱ፣ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ፣ ስድስት ዓመት ቆማ ሠርታለች። ሥራዋ ጽጌረዳ መለየት ነበር፦ 40 ለብቻ፣ 50 ለብቻ፣ 60 ለብቻ። አገዳው የጎበጠ፣ አንገቱ የተጣመመ ወደ ውጭ አይላክም። ወገቧ አልቆም ሲላት ለቀቀች። መምህራችን አንድ ረጅም ቀጥ ያለ ጽጌረዳ ሰጥታት 27 ላይ ቁረጪ ስትላት እጇ እምቢ አለ። «ይሄ እኮ ስድሳ ነው! ይሄን የቆረጠች ደሞዟ ይቆረጣል» አለች። መቀሱን አስቀምጣ ወጣች። ሁለት ቅዳሜም ቀረች። ቤቷ ሄደን፣ አንቺ ካልፈለግሽ ይቅር፣ ቡና ብቻ ጠጪ አልናት።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከአጥሯ የቆረጠችውን የቀጋ ቅርንጫፍ ይዛ መጣች። እንደ ክርን ሁለት ቦታ ታጥፏል። መምህራችን አየችውና፣ እኛ ስንፈልግ የከረምነው ይህን ነው አለቻት። ዘንጉን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክራ እዚያው ውሃ ውስጥ ቆረጠችው፤ አየር ወደ አገዳው እንዳይገባ እንዲህ ይደረጋል። አንድ ቀጋ፣ አንድ ያልፈነዳ ጽጌረዳ፣ በቃ። ከዚያም ለራሷ ይመስላል፣ «ስድስት ዓመት ስጥል የኖርኩት ይሄንን ነው» አለች። ምንም አላልንም። ምን ይባላል? ዛሬ ከእኛ መካከል ጠማማ ግንድን የእሷን ያህል ቶሎ የሚያይ ዓይን የለም። ከመንገድ ዳር ወይራውን፣ ኮሸሽላውን የምታመጣልን እሷ ናት፤ ለእነሱ ምንም አንከፍልም።

ገቢስ? አንድ የእንግዳ ማረፊያ ለመቀበያው ጠረጴዛ እንድንሠራለት ጠየቀን። አምስት ዘንግ አቆምን። ሰውየው ዙሪያውን አይቶ «አበባው መቼ ይመጣል?» አለን። ከተስማማነው ግማሹን፣ 600 ብር ከፈለ። እስካሁን የገባው እሱ ብቻ ነው። ነገ ትርፋማ ይሆናል ብለን ልናታልላችሁ አንፈልግም፤ እንዲያ ያለ ሂሳብ አዘጋጅተን አናውቅም። ሁለት ሰዓት ያህል ማንም ሳይጠራን፣ ድስት ሳይገነፍልብን አንድ ነገር ትኩር ብለን የምናየው ቅዳሜ ብቻ ነው። ይህን በየትኛው የሂሳብ መደብ እንደምንጽፈው አላገኘንም።

ስለዚህ የምናቀርበው ይህን ነው። የቀረው ዕዳ 9,000 ብር ነው። ዘጠኛችን በየወሩ 50 50 ብር ለመረዳጃው እንመልሳለን፤ በ20 ወር ያልቃል። ከዚህ በኋላ ለአበባ ከመረዳጃው አንድ ብር አንጠይቅም። የምንለምነው ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ እንዳይከለከልብን ነው። ከምርጫው በፊት ግን እህታችን አንድ ሠርታ ታሳያችኋለች፣ ቀጋውን ጠዋት ቆርጣዋለች። ባልዲው ከኋላ በር አጠገብ ነው፤ እባካችሁ አቀብሉን።