አንድ ቅጽ፣ ሁለት በተን

አቅራቢ 1፦ አንድ የድረ ገጽ ቅጽ ላይ «አስቀምጥ» እና «አጥፋ» ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። ሁለቱም የሚልኩት ወደ አንድ ሰርቭሌት፣ ማለትም በሰርቨር ላይ ጥያቄ ወደሚቀበል የጃቫ ፕሮግራም ነው። ታዲያ ሰርቭሌቱ የትኛው እንደተነካ በምን ያውቃል?

አቅራቢ 2፦ ብራውዘሩ ከሁለቱ በተኖች የተነካውን ስምና ዋጋ ብቻ ይልካል፤ ያልተነካው ዝም ይላል። ሰርቭሌቱ በ«ጌትፓራሜተር» የበተኑን ስም ጠርቶ ዋጋውን ይጠይቃል፤ መልሱ «ነል» (ምንም የለም) ከሆነ ያ በተን አልተነካም ማለት ነው።

አቅራቢ 1፦ እኔ እኮ በተኑ ላይ የተጻፈውን ቃል ነበር የማመሳክረው።

አቅራቢ 2፦ እሱማ ወጥመድ ነው! ነገ ገጹ ወደ ኦሮምኛ ሲተረጎም ቃሉ ይለወጣል፤ ኮዱም ግራ ይጋባል። ስሙን እንጂ ጽሑፉን አትመን።

አቅራቢ 1፦ ተጠቃሚው በተን ሳይነካ «ኢንተር» ቢመታስ?

አቅራቢ 2፦ ብዙውን ጊዜ ብራውዘሩ በቅጹ ውስጥ ቀድሞ የተጻፈው የመላኪያ በተን እንደተነካ ይቆጥረዋል። ስለዚህ «አጥፋ»ን አታስቀድም።

አቅራቢ 1፦ አለዚያማ መረጃው «ደህና ሰንብቱ» ሊለን ነው!