ቅጠል መዳብ ሲለብስ
(በዋጃ ለገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



እኛ ከዩኒቨርሲቲ የመጣን ተማሪዎች ዛሬ አንድ የጌሾ ቅጠል ይዘን ቀርበናል። ጅማቱ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ነገር ግን ሲይዙት ይከብዳል፤ መዳብ ለብሷል። ገበያ ብናወጣው ግማሹ ሰው «አንጥረኛ የቀጠቀጠው ነው» ይላል፤ ግማሹ «አስማት ነው» ይላል። ሁለቱም አይደለም።

ሥራው እንዲህ ነው። ቅጠሉን እናደርቅና ውሃ እንዳያስገባ ቫርኒሽ እንቀባዋለን። ቅጠል ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ቫርኒሹ ሳይደርቅ፣ የምንጽፍበትን እርሳስ ጥቁሩን ክፍል እንደ በርበሬ አልመን እንነሰንስበታለን። ይህ ዱቄት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ቀጥሎ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 200 ግራም ያህል ሰማያዊ የመዳብ ጨው እናሟሟለን፤ ጥቂት የመኪና ባትሪ አሲድም እንጨምራለን። አሲዱ ነው ወደ ውሃው የሚፈሰው፤ ውሃውን ወደ አሲዱ ያፈሰሰ እንደሆነ ተፈናጥሮ ዓይን ያጠፋል። ከዚያ ቅጠሉን በሽቦ ከሬዲዮ ድንጋይ ግርጌ ጋር እናያይዘዋለን። አንድ ቁራጭ መዳብ ደግሞ ጉጥ ካለበት ከራስጌው ጋር እናያይዝና፣ ሁለቱን ሳይነካኩ ውሃው ውስጥ እንነክራለን።

ታዲያ ምን ይሆናል? እናንተ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፋችሁ ማሳችሁን ታጠጣላችሁ። ጎርፉ ከላይ አፈር ይሸረሽራል፤ ማሳው ላይ ደለል ያስተኛል። ኤሌክትሪክም መዳቡን ከቁራጩ እየሸረሸረ ቅጠሉ ላይ ያስተኛዋል። ጎርፍ ሲበረታ ድንጋይና ኮረት እንደሚያመጣ ሁሉ፣ ኤሌክትሪኩም ሲበረታ መዳቡ ሻካራና የሚፈረፈር ይሆናል። ስለዚህ አንድ ድንጋይ ብቻ ይበቃል። እንዲያውም በመሐል ትንሽ የባትሪ አምፖል ቢገባበት ጎርፉን ይገታዋል። ቀኑን ሙሉ፣ ምናልባት ሌሊቱንም መታገሥ ነው።

ቅጠሉ መዳብ ሆነ ማለት ግን አይደለም። ውስጡ ያው ቅጠል ነው። ቁራጩን መዳብ አስቀድመን ብንመዝነው፣ ኋላም ብንመዝነው ቀሎ እናገኘዋለን። ቅጠሉ የለበሰው ከዚያ የሄደውን ነው። ብረት ነክሮ ወርቅ ማውጣት የለም፤ ወርቅ እንዲለብስ ወርቅ ማስገባት ያስፈልጋል።

ይህን ዘዴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1838 ያገኘው በሩስያ ይሠራ የነበረ ያኮቢ የሚባል ሊቅ ነው። መለበጥ ራሱ ግን ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት የአክሱም ነገሥታት በአንዳንድ የብርና የነሐስ ገንዘባቸው ላይ ወርቅ ያስለብጡ ነበር። ያውም ያለ ኤሌክትሪክ፣ በእጅ!

ዛሬ በየገበያው ያለው የወርቅ ቅብ ቀለበትም ብዙው የሚሠራው በዚሁ በኤሌክትሪክ ነው። «ቅብ ነው» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ማንንም አላታለለም። «ጥሩ ወርቅ ነው» ብሎ የበሬ ዋጋ የሚቀበል ግን አይጠፋም። ልባሱ ከፀጉር የቀጠነ ስለሆነ፣ ጣት በሚያሸው በኩል ይላጥና ውስጡ ይወጣል። ይህ እስኪሆን ደግሞ ሻጩ የለም። መጠናቸው እኩል ሲሆን ጥሩ ወርቅ ከመዳብ ከእጥፍ በላይ ይከብዳል። እንግዲህ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ቀለበቱ ሚዛን ላይ ይውጣ።

ሰማያዊው ጨው፣ ጨው መባሉ አያታልላችሁ፤ መርዝ ነው። የተሠራበት ዕቃ ተመልሶ ለምግብ አይሆንም። ውሃው ለሌላ ቅጠልም ስለሚያገለግል ከብት ወደሚጠጣበት ቦይ አይደፋም። በጠርሙስ ክተቱትና «መርዝ» ብላችሁ ጻፉበት። ገና ፊደል ያልቆጠረ ልጅ በቤት ካለ ደግሞ ሣጥን ውስጥ ቆልፉበት።